ከሸምበቆ እስከ ካርቦን፦ ለአገራችን ሐይቅና ወንዝ የትኛው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ያዋጣል?

በአገራችን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሲገዛ እጁ የሚሄደው እንደ ሬዲዮ አንቴና እየተሳበ ወደሚረዝመው ነው። ምክንያቱ አይጠፋም። ሲታጠፍ ከክንድ አይበልጥም፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ሪሉ (ክር መጠቅለያው)፣ ክሩ፣ መንጠቆውና የፕላስቲክ ትሉ አብረውት በአንድ ከረጢት ይመጣሉ፤ ዋጋውም ከሌላው ይረክሳል። ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ዳር ሁለት ሦስት ቅዳሜ ከዋለ በኋላ ግን ወይ አንዱ ክፍል ተጣብቆ አልታጠፍ ይላል፣ ወይ የጫፉ ቀለበት ይወልቃል፣ ወይ ደህና አምባዛ በያዘ ቀን ቀጭ ብሎ ይሰበራል።

ፍርዱን ቀድመን እንናገር። አንድ ዘንግ ብቻ የሚገዛ ሰው በሁለት ቁራጭ የሚገጠም፣ 2.1 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ መካከለኛ ኃይል ያለው የስፒኒንግ ዘንግ (ሪሉ ከእጀታው በታች የሚንጠለጠልበትን) ይግዛ። ሐዋሳ፣ ባቱ፣ ላንጋኖ፣ ቆቃና ጣና ላይ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ጫሞና ባሮ ላይ አይበቃም፤ ለባሌ ወንዞች ደግሞ ይከብዳል።

አንቴናው ዘንግ

ተሳቢው ዘንግ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ከ5 እስከ 7 ቱቦዎች ነው። ቱቦዎቹን የሚይዛቸው ብሎንም ማጣበቂያም አይደለም፤ የውስጠኛው ቱቦ ሰፊ ግርጌ በውጨኛው ጠባብ አፍ ላይ ሲጨናነቅ የሚፈጠረው ሰበቃ ብቻ ነው። ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። በደንብ ካልተጨናነቀ ስትወረውሩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ቀለበቶቹም ከመስመር ይወጣሉ። ከመጠን በላይ ከተጨናነቀ አይላቀቅም። አንዲት የአሸዋ ፍሬ መሐል ከገባች ደግሞ ቱቦውን እንደ ሞረድ ትፍቀዋለች።

ሁለተኛው ጉድለት የቀለበቶቹ ቁጥር ነው። በእያንዳንዱ ክፍል አናት ላይ የሚቀመጠው አንድ ቀለበት ስለሆነ፣ 2.1 ሜትር በሚረዝም ተሳቢ ዘንግ ላይ 5 ወይም 6 ቀለበት ብቻ ታገኛላችሁ፤ ያንኑ ያህል በሚረዝም ባለሁለት ቁራጭ ዘንግ ላይ የጫፉን ጨምሮ 7 ወይም 8 አለ። ቀለበት ሲያንስ ዘንጉ ሲጎብጥ ክሩ ጉብጠቱን አይከተልም። አቋርጦ ይሄዳል፣ የዘንጉን ገላ ይታከካል፣ ጫናውም ተከፋፍሎ መውረድ ሲገባው በጥቂት ቦታ ይከማቻል። ቀጭኗ የጫፍ ክፍል ቀድማ የምትሄደው ለዚህ ነው።

ይህን ስንል ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። በሕዝብ ማመላለሻ ለሚጓዝ፣ መኪናው ውስጥ ለክፉ ቀን ለሚያስቀምጥ፣ ቆሮሶ ብቻ ለሚያጠምድ ይበቃል። ያለው ሰው አያያዙን ይወቅበት። ሲከፈት ከጫፉ ይጀመራል፤ እያንዳንዱ ክፍል እስከ መጨረሻው ይሳብና ቀለበቱ ከቀጣዩ ጋር በመስመር እንዲውል ጠምዘዝ ይደረጋል። ሲታጠፍ በተቃራኒው ከወፍራሙ ክፍል ተነስቶ ጫፉ መጨረሻ ይገባል።

ከተጣበቀ ፒንሳ አታስጠጉበት። የካርቦን ቱቦ በፒንሳ ሲጨመቅ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሚታወቀው ግን ዓሣ ሲጎትት ነው። ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ግርጌውን እንጨት ላይ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። እምቢ ካለ ሙቅ ውኃ ውስጥ የተነከረ ጨርቅ (የፈላ አይደለም) በውጨኛው ቱቦ አፍ ላይ ለአንድ ደቂቃ ጠቅልሉ፤ የውጨኛው ከውስጠኛው ቀድሞ ሲሞቅ ትንሽ ይሰፋል። ከዚያ የጎማ ጓንት አጥልቃችሁ፣ ሁለቱን እጆች ወደ መገጣጠሚያው አቅርባችሁ፣ እየጠመዘዛችሁ ግፉት። እጆቻችሁ ተራርቀው ከገፋችሁት መሐሉ ይጎብጥና እናንተው ትሰብሩታላችሁ። አሸዋ የገባበትን ደግሞ የግርጌውን ክዳን ፈትታችሁ፣ ክፍሎቹን በታች በኩል አውጥታችሁ በንጹሕ ውኃ እጠቡት፤ ሳይደርቅ አትመልሱት።

ከረጢቱ ውስጥ አብሮ የመጣውን ክር ጣሉት። ለብዙ ጊዜ ተጠቅልሎ ስለቆየ ሲወረወር እንደ ስፕሪንግ ተጠቅልሎ ይወጣል። እጃችሁ ላይ ጨርቅ አድርጋችሁ ሁለት ዙር ጠምጥሙና ቀጨት አድርጉት፤ ሲበጠስ ድምፁን ትሰሙታላችሁ። የፕላስቲኩን ትል ለልጆች መጫወቻ ስጡ።

ዘንጉ ላይ የተጻፈው

ከእጀታው ከፍ ብሎ ባለው ገላ ላይ ትንንሽ ቁጥርና ፊደል ተጽፏል። ብዙ ሰው የሚያነበው ርዝመቱን ብቻ ነው። ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የቀረው ነው።

ርዝመቱ በአሜሪካ ዕቃ ላይ በጫማና በኢንች ነው፤ 7 ጫማ ማለት 2.13 ሜትር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ኃይሉን ይናገራል፦ ኤል ቀላል፣ ኤም መካከለኛ፣ ኤምኤች ከመካከለኛ ከፍ ያለ፣ ኤች ከባድ። ከዚያ የክሩ ጥንካሬ በፓውንድ ይጻፋል፤ 10 ፓውንድ 4.5 ኪሎ ነው። መጨረሻ ላይ የሚወረወረው ክብደት በግራም ወይም በአውንስ ይሰፍራል። አንድ አውንስ 28 ግራም ነው፤ የወርቅ ነጋዴው ወቄት የሚለውን ያህል ማለት ነው።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ዋዛ አይደለም። ከ5 እስከ 20 ግራም የሚል ዘንግ ላይ 40 ግራም እርሳስ አንጠልጥሎ በሙሉ ጉልበት የወረወረ ሰው ጫፉን አየር ላይ ይሰብረዋል። በተቃራኒው ከባድ ዘንግ ላይ 5 ግራም ያሰረ ሰው ዘንጉ ስለማይለመጥለት እርሳሱ እግሩ ሥር ይወድቃል። ‹‹ዘንጉ አይወረውርም›› የሚለው ቅሬታ ሲመረመር ብዙ ጊዜ የክብደት አለመጣጣም ሆኖ ይገኛል።

ኃይል ሌላ ነው፣ አጎባበጥ ሌላ። ኃይል ዘንጉን ለማጉበጥ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ነው፤ አጎባበጥ ደግሞ የሚጎብጥበት ቦታ ነው። ፈጣን የሚባለው ከጫፉ ሲሶው ላይ ብቻ ይጎብጥና የቀረው ግትር ሆኖ ይቆያል፤ ዓሣው ሲነካ በእጅ ይሰማል፣ ቀጨት ሲደረግም መንጠቆው ወዲያው ይተከላል። ዝግተኛው እስከ እጀታው ድረስ እንደ ልምጭ ይለመጣል። ሻጮች ፈጣኑን እንደ ምርጥ ያቀርቡታል። ቆሮሶን በሊጥ ለሚያጠምድ ሰው ግን መካከለኛው ይሻላል፤ ፈጣኑ ዘንግ በውርወራው ቅጽበት ሊጡን ከመንጠቆው ያስፈነጥረዋልና ባዶ መንጠቆ ውኃ ውስጥ አስገብቶ ሲጠብቅ የሚውል ሰው ጥቂት አይደለም።

ስፒኒንግ፦ የሁሉም ቤት ዘንግ

ስፒኒንግ ዘንግ ላይ ሪሉ ከእጀታው በታች ይንጠለጠላል፣ ቀለበቶቹም ወደ ታች ያያሉ። ሲወረወር የክሩ ማጠንጠኛ አይሽከረከርም፤ ክሩ በአፉ በኩል ቀለበት በቀለበት እየሆነ ይወጣል። ለእጀታው የሚቀርበው የመጀመሪያ ቀለበት ትልቅ የሆነው ይህን እየተጠቀለለ የሚወጣ ክር ሰብስቦ ለማሳለፍ ነው። ማጠንጠኛው ስለማይሽከረከር ከክር ጋር የሚደረገው ትግል ያንሳል፤ ጀማሪ ግማሽ ቀን ተለማምዶ 25 እና 30 ሜትር መወርወር ይችላል።

ለ2.1 ሜትር መካከለኛ ዘንግ የሚስማማው ሪል በብዙ አምራቾች አቆጣጠር 2500 ወይም 3000 የሚለው ቁጥር ነው። ክሩ ከ0.25 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ናይለን ይሁን። ማጠንጠኛውን ከከንፈሩ 2 ሚሊ ሜትር እስኪቀረው ሙሉት። ካነሰ ክሩ ከንፈሩን እየታከከ ውርወራው ያጥራል፤ ከሞላ በአንድ ጊዜ ተግተልትሎ ወጥቶ ይወሳሰባል። ከወረወራችሁ በኋላ የሽቦ ቀስቱን በእጃችሁ መልሱት፤ የሪሉን እጀታ አዙሮ ማስመለስ ክሩን ያጠማዝዘዋል፣ ስፕሪንጉንም ያደክመዋል።

ይህ ዘንግ ሐዋሳ ላይ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ሥራዎችን ይሠራል። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚመገበው በውኃው ውስጥ ያለውን ደቂቅ አልጌ ስለሆነ የሚያብለጨልጭ ሰው ሠራሽ ዓሣ አያባርርም። ለእሱ ትንሽ መንጠቆ፣ ቁጥር 8 ወይም 10፣ ከቡሽ በታች ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር አውርዳችሁ በትል ወይም በሊጥ፣ ደንገሉ ዳር። መንጠቆ ላይ ቁጥሩ ሲበዛ መጠኑ እንደሚያንስ አትርሱ። አፉ ትንሽ ነው፤ ትልቅ መንጠቆ ያሰረ ሰው ቡሹ ሲንቀጠቀጥ እያየ ባዶውን ይመለሳል።

አምባዛ ሌላ ጉዳይ ነው። ከታች ነው የሚበላው፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል፣ የሚያገኘውንም በማሽተት ይለየዋል፤ ጉበት፣ የሥጋ ቁራጭ፣ ትንሽ ዓሣ። እንደ ላንጋኖ ባለ የደፈረሰ ውኃ የሚያዋጣውም ይኸው በጠረኑ የሚጠራ ማባበያ ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ክሩን መጀመሪያ መሐሉ በተበሳ ከ20 እስከ 30 ግራም እርሳስ ውስጥ አሳልፉ፣ ከዚያ በአንዲት ዶቃ፣ ከዚያ ክር እንዳይጠማዘዝ ከምትሽከረከረው ትንሽ የብረት ማያያዣ ጋር እሰሩ። ከማያያዣው ማዶ 40 ሴንቲ ሜትር ክርና 2/0 ወይም 4/0 መንጠቆ ይቀጥላል (ዜሮ በሚከተላቸው ቁጥሮች ላይ ግን ቁጥሩ ሲበዛ መጠኑ ይተልቃል)። አምባዛው ሲያነሳው ክሩ በእርሳሱ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ክብደቱ ስለማይሰማው አይተፋም። ዶቃዋ ከሌለች እርሳሱ ቋጠሮውን እየደበደበ ይቆርጠዋል። እየጠበቃችሁ ሳለ የሪሉን ፍሬን (ዓሣው ሲጎትት ክሩ ምን ያህል እንደሚለቅ የሚወስነውን ማጥበቂያ) አላሉት። ፍሬኑን አጥብቆ ዘንጉን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ቡና ሊጠጣ የሄደ ሰው ሲመለስ ዘንጉን አያገኘውም፤ አምባዛ ይዞት ይገባል።

ጣና ላይ ሰው ሠራሽ ማባበያ ዋጋ ያገኛል። በተለምዶ ነጭ ዓሣ ከምንላቸው የጣና ዝርያዎች መካከል ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች ናቸው። ከ7 እስከ 12 ግራም የሚመዝን፣ ሲጎተት የሚሽከረከር የብረት ቅጠል ያለው ማባበያ በዚሁ መካከለኛ ዘንግ ይሄዳል። በክረምቱ ማብቂያ ገደማ እነዚህ ዓሦች እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። ያን ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ስለሚገኙ ለማጥመድ ቀላል ነው፤ የሚያዘው ግን የሚቀጥለው ትውልድ ነውና በዚያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ አለመወርወር ነው የሚሻለው።

ከምን የተሠራ ይሁን? ካርቦን ቀላል ነው፣ ንክኪን ያሰማል፣ ነገር ግን ከጎን ሲመታ ይጎዳል፤ የመኪና በር ደግሞ ከዓሣ ይልቅ ብዙ ዘንግ ሰብሯል። ፋይበር ግላስ ይከብዳል፣ ያዘግማል፣ ግን ልጅ ቢረግጠውም ይተርፋል። በመሐል የሁለቱ ቅይጥ አለ፤ ከቅይጦቹ የታወቀው የሼክስፒር ኩባንያ አግሊ ስቲክ ነው፤ ስሙ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በገበያ ላይ አለ። አሁን ጂኤክስ2 በሚባለው ሞዴል ጫፉ መስታወት መሳይ ፋይበር ግላስ ነው፣ ቀለበቶቹም ከአንድ ወጥ የማይዝግ ብረት የተሠሩ ናቸው። ሌሎች ዘንጎች ቀለበት ውስጥ የምትገባ የሴራሚክ ሽፋን አላቸው፤ ሽፋኗ ከወደቀች ባዶው ብረት ክሩን ይበላዋል። እዚህ ላይ የሚወድቅ ነገር የለም። ጉድለቱ ክብደቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እየወረወረ ለሚውል ሰው አንጓ ያደክማል፣ የቆሮሶን ቀስ ያለ ንክኪም አያሰማም። መለዋወጫና ጠጋኝ በሌለበት ቦታ ግን አለመሰበር ትልቅ ነገር ነው፤ በእኛ ሚዛን ከቀላሉ ካርቦን ይህ ይበልጣል።

ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ክረምት ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲያጉረመርም ሐይቅ ዳር ረጅም የካርቦን ዘንግ አቁሞ መቀመጥ፣ ወይም በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ዘንግ አንስቶ መወርወር የሚገድል ስህተት ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ላሉ አንድ ነገር እናክል። ፖቶማክ ወንዝ ላይ ብሉ ካትፊሽ የሚባለውን የአምባዛ ዘመድ ለማጥመድ የተገዛ ኤምኤች ዘንግ ባቱና ቆቃ ላይ ለአምባዛ ያለ አንዳች ለውጥ ይሠራል፤ እርሳሱም አስተሳሰሩም ያው ነው። አገር ቤት ላለ ወንድም ስጦታ የሚገዛ ሰው ከሚያብረቀርቀው የ40 ዕቃ ስብስብ ይልቅ ይህን ቢልክ ያተርፋል።

ጫሞና ባሮ

ጫሞ ላይና ጋምቤላ ባሮ ወንዝ ላይ ናይል ፐርች አለ። ከ100 ኪሎ በላይ ሊደርስ የሚችል ዓሣ ነው፤ 10 እና 20 ኪሎ የሚመዝነው ራሱ መካከለኛ ዘንግን መጫወቻ ያደርገዋል። በእነዚሁ ውኃዎች ታይገርፊሽም ስላለ ናይለኑን በጥርሱ ይቆርጠዋል፤ ከመንጠቆው በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የብረት ሽቦ ካልገባ መንጠቆ ስትቀይሩ ትውላላችሁ።

ለዚህ የተሠራው የካስቲንግ ዘንግ ነው። ሪሉ ከላይ ይቀመጣል፣ ቀለበቶቹም ወደ ላይ ያያሉ፣ ከእጀታው በታች ለጣት መያዣ እንደ ሽጉጥ ቃታ ያለ ነገር አለው። ሪሉ እንደ ከበሮ ነው፤ ሲወረወር ራሱ ይሽከረከራል። ጉልበቱም ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ማባበያው አየር ላይ ሲዘገይ ከበሮው በነበረበት ፍጥነት መሽከርከሩን ከቀጠለ፣ የሚወጣው ክር መሄጃ ያጣና ውስጡ ተወሳስቦ ይቆለላል። መቀስ ካልገባ የማይፈታበት ጊዜ ብዙ ነው። መከላከያው ሁለት ነው። በቅድሚያ በጎኑ ያለውን የማጥበቂያ ብሎን አስተካክሉ፦ ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ መልቀቂያውን ተጫኑ፣ ማባበያው ቀስ ብሎ ይውረድ፤ መሬት ሲነካ ከበሮው አብሮ ከቆመ ልክ ነው፣ ዞሮ ከቀጠለ ጥበቅ ይጠይቃል። ቀጥሎ አውራ ጣት ነው፤ በውርወራው ጊዜ ክሩን ዳሰስ ያደርጋል፣ ማባበያው ውኃ ከመንካቱ በፊት ይጫናል።

ልምድ ለሌለው ሰው ካስቲንግን አንመክርም። ለሁለት ቀን ጉዞ አርባ ምንጭ የሚወርድ ሰው ከባድ ስፒኒንግ ዘንግ፣ 6000 ወይም 8000 ቁጥር ሪልና ከ20 እስከ 30 ኪሎ የሚችል የተገመደ ክር ይያዝ፤ ክር ሲፈታ የሚያጠፋውን ቀን ያድናል። የተገመደ ክር የማይለጠጥ ስለሆነ ዓሣው ራሱን ሲነቀንቅ ድንጋጤው በቀጥታ ዘንጉና ቋጠሮው ላይ ያርፋል። ከመንጠቆው በላይ አንድ ሜትር ወፍራም ናይለን መቀጠል ይህን ያለዝበዋል። ክሩን በባዶ እጅ አትጎትቱ፤ እስከ አጥንት ይቆርጣል።

ጫሞ ዳር ቆሞ መወርወር አይታሰብም። አዞ ገበያ የሚባለው ቦታ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ከጀልባ፣ ውኃውን ከሚያውቅ ጀልበኛ ጋር፣ እጅም እግርም ውኃ ውስጥ ሳይነከር።

ባሌ፦ የዝንብ ዘንግ

ባሌ ላይ ዌብ ወንዝና ሌሎች የደጋ ወንዞች ውስጥ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት አለ። ይህ ዓሣ ቀዝቃዛና ንጹሕ ወራጅ ውኃ ይፈልጋል፤ ሐይቆቻችን ውስጥ የማይገኘው ለዚህ ነው።

የዝንብ ዘንግ ከላይ ካየናቸው ሁሉ በአሠራሩ ይለያል። በሌሎቹ እርሳሱ ወይም ማባበያው ክሩን ይጎትታል፤ እዚህ ግን ከላባና ከክር የተሠራችው ሰው ሠራሽ ዝንብ ክብደት የላትም። የሚወረወረው ክሩ ራሱ ነው። ስለዚህ ክሩ ወፍራምና ከባድ ነው፣ በቁጥርም ይመደባል፤ በዘንጉ ላይ 5 ከተጻፈ ክሩም 5 መሆን አለበት። ለባሌ ወንዞች 2.4 እስከ 2.7 ሜትር የሚረዝም፣ ቁጥር 4 ወይም 5 ይበቃል። ተራ ናይለን ጠቅልሎ የዝንብ ዘንግ ‹‹አይሠራም›› የሚል ሰው ዘንጉን አይውቀስ። ሪሉ ክር ከማስቀመጥ ያለፈ ሥራ ስለሌለው ገንዘባችሁን ለዘንጉና ለክሩ አውጡ። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ከሆነ ዲንሾ ካለው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ መጠየቅ አይረሳ። ከባሌ ውጪ ለጀማሪ ይህን ዘንግ መግዛት የቅንጦት ነው።

ሸምበቆው

ያልተዘመረለት ዘንግ ይህ ነው። ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ፣ ጥላ ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት የደረቀ፣ ቁመቱን ያህል ናይለን፣ ቡሽና ትንሽ መንጠቆ። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ርጥቡን ከተጠቀማችሁበት ደግሞ ይከብድና ጎብጦ ይቀራል። ክሩን ጫፉ ላይ ብቻ አትሰሩ፤ ከእጀታው አስነስታችሁ በየመሐሉ እያሰራችሁ እስከ ጫፉ አድርሱት፤ ጫፉ ቢሰበር ዓሣው በእጃችሁ ይቀራል። ለቆሮሶ ይህን የሚበልጥ ዘንግ ስለመኖሩ እንጠራጠራለን። ከደንገሉ አፋፍ ሁለት ሜትር ማዶ ያለ ድምፅ ማባበያ አኑሮ መጠበቅ በሪል ከመወርወር ይልቅ በዚህ ይቀላል፤ ውኃው አይረበሽም።

ከውጭ አገር ዘንግ ይዞ ስለሚመጣ ሰውም ሁለት ነገር እንበል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ሰዎች ከባሕር ዳርቻ የሚወረውሩበት ከ3.6 እስከ 4.2 ሜትር የሚረዝመው ዘንግ 100 ግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ለማራቅ የተሠራ ነው። ወደ አገር ቤት ይዞ መምጣቱ አያዋጣም፤ በሐይቆቻችን ዳር ዓሣው ቅርብ ነው። በጨው ውኃ ያገለገለ ሪል ሳይታጠብ ካደረ ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው ይዝጋል።

በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው ከተሳቢው ይልቅ በአራት ቁራጭ የሚገጠመው የጉዞ ዘንግ ይሻላል። ሲፈታ 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ቀለበቶቹም የተሟሉ ናቸው። ባለሁለት ቁራጩም ቢሆን 107 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በቀጭን የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ውስጥ ታሽጎ፣ ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱ ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ እንደ ሻንጣ ይጫናል።

ሱቅ ውስጥ

ዘንጉን ሳትገጥሙ አትግዙ። ገጥማችሁ በአንድ ዓይን ከግርጌ ወደ ጫፍ እዩት፤ ቀለበቶቹ በአንድ መስመር ካልዋሉ ወይም ገላው ከጠመመ መልሱት። መገጣጠሚያው ሲነቀነቅ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ልል ነው፤ ሲወረወር ከዚያው ይሰነጠቃል። አንዱ ቁራጭ በሌላው ውስጥ በሚገባ ምላስ በሚገጠመው ዓይነት ላይ በሁለቱ መሐል የጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢታይ ግን ጉድለት አይደለም፤ ምላሱ እየተበላ ሲሄድ እንዲጠብቅ የተተወ ነው።

ቀጥሎ ትንሽ ጥጥ ያዙና በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አዙሩት። ጥጡ ጭራ ጥሎ ከቀረ ቀለበቱ ተሰንጥቋል፤ ያ ስንጥቅ ክራችሁን ይላጨዋል። ዓይን የማያየውን ጥጥ ይነግራችኋል። ከዚያ ሪሉን ግጠሙና ማሰሪያውን አጥብቁ፤ ከተወዛወዘ ሌላ ዘንግ ጠይቁ። ፍሬኑን አላልታችሁ ክሩን በቀስታ ሳቡት፤ እኩል መውጣት አለበት። እየያዘ እየለቀቀ የሚወጣ ከሆነ ትልቅ ዓሣ በያዛችሁ ቀን በሚይዝበት ቅጽበት ይበጥስባችኋል።

ፍሬኑ የሚጠብቀው የክሩን አቅም ሩብ ወይም ሲሶ ያህል ነው። 4.5 ኪሎ የሚችል ክር ከሆነ ከ1.1 እስከ 1.5 ኪሎ። በግምት ከማድረግ የክሩን ጫፍ በተንጠልጣይ የሻንጣ ሚዛን ላይ እሰሩና እስኪለቅ ሳቡት። ቤት ስትገቡ አላሉት፤ እንደጠበቀ ከከረመ ውስጡ ያሉት ክቦች ይጨፈለቃሉ።

ዘንግ የሚሰበርባቸው ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ሲያደርጉ ይታያሉ። ዓሣው እግራቸው ሥር ሲደርስ ዘንጉን ወደ ኋላቸው ያነሱታል። ያን ጊዜ ሸክሙ ከወፍራሙ ገላ ተነስቶ በሙሉ ጫፉ ላይ ይወድቃል። ዘንግ ዓሣ ለማድከም እንጂ ዓሣ ለማንሳት አልተሠራም፤ ለማንሳት መረብ አለ። መንጠቆ ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዘውም እንደዚሁ። ዘንጉን አታጉብጡ፤ ጫፉን ወደተያዘበት ቀጥ አድርጋችሁ፣ ክሩን በጨርቅ የተጠቀለለ እጅ ላይ ጠምጥማችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።

ጫፉ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ከተሰበረ ዘንጉ አይጣል። የተሰበረውን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት አስተካክሉ፤ በጥርስ ወይም በመቀስ አትቁረጡት፣ ይበልጥ ይሰነጠቃል። ከአሮጌው ቁራጭ ላይ ቀለበቱን በላይተር በትንሹ አሙቁና በፒንሳ ሳቡት። አዲሱ ጫፍ ወፍሮ ካልገባ ሌላ፣ ሰፋ ያለ የጫፍ ቀለበት ፈልጉ፤ ገላውን ፍቃችሁ አታቅጥኑት። ጠንካራ የፕላስቲክ ማጣበቂያ፣ ሲሞቅ የሚቀልጠውን ዓይነት፣ አቅልጣችሁ ጫፉ ላይ ቀቡና ቀለበቱን አስገቡ። ሳይደርቅ በአንድ ዓይን አይታችሁ ከሌሎቹ ቀለበቶች ጋር አሰልፉት። በሰከንድ የሚደርቀውን ማጣበቂያ አትጠቀሙ፤ ከተጣመመ አይስተካከልም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሰበርም አይወልቅላችሁም።